የራዲዮ ላኪ ታሪክና አሮጌውን ላኪ የመቃኘት ጥበብ

ከሳይንስ ክበብ ተማሪዎች

ክራር የያዘ ሰው ወደ ዘፈኑ ከመግባቱ በፊት ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካ ይቃኛል። ትናንት በደንብ ተቃኝቶ የነበረ ክራር እንኳ አድሮ ስለሚላላ፥ ዛሬ እንደገና መቃኘት ግድ ነው። ይህን የማያደርግ ደርዳሪ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር አድማጭ አያገኝም። እኛም በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ፥ እንደ ክራር ሁሉ መቃኘት ስለሚያስፈልገው ስለ አንድ ሌላ መሣሪያ፥ ይኸውም ትንሽ መኪናን ከሩቅ ሆኖ ስለሚያዝ የራዲዮ ላኪ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ነገሩ የሕፃናት መጫወቻ ወሬ መስሎ የሚታያችሁ አንባብያን ብትኖሩ፥ እስከ መጨረሻው ድረስ እንድትከተሉን በትሕትና እንለምናለን።

የጽሑፉ ምክንያት እንዲህ ነው። ከዚሁ ትምህርት ቤት ተምረው የወጡና ዛሬ በውጭ አገር የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ተማሪ፥ ያገለገሉ ሁለት ትንንሽ መኪናዎችን ከነላኪዎቻቸው ለክበባችን በስጦታ ላኩልን። እኛም ከደስታ ብዛት የተነሣ ምንም ሳንመረምር የባትሪ ድንጋይ ገዝተን ጨመርንና፥ በወላጆች ቀን በሜዳው ላይ ለማሳየት አወጣናቸው። የመጀመሪያው መኪና በደንብ ሄደ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ነገር ግን ከኋላችን የነበረ ጓደኛችን የሁለተኛውን መኪና ላኪ በከፈተ ጊዜ፥ የመጀመሪያው መኪና የእኛን ትእዛዝ ትቶ በሙሉ ፍጥነት ወደ ታናናሾቻችን ሰልፍ ገሠገሠ። አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅም ቁርጭምጭሚቷን መታት።

ልጅቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ዳነች፤ የእኛ ኀፍረት ግን እንዲሁ በቀላሉ አልለቀቀንም። እናቷ ሊቆጡን ሲገባቸው አልተቆጡንም። «ልጆቼ፥ በደንብ የማታዝዙትን ነገር ለምን ለቀቃችሁት?» ብለው ብቻ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ከዚህ በኋላ መኪናዎቹ ዕቃ ቤት ገብተው ይቆለፍባቸው የሚል ሐሳብ ቀረበ። የፊዚክስ መምህራችን ግን ስለ እኛ ተከራከሩልን። «አንድ ሴሚስተር ስጧቸው። የመሣሪያውን ታሪክና አሠራር አጥንተው፥ ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ በጽሑፍ ያስረዱ። ይህን ካላደረጉ ያን ጊዜ ይቆለፍ» አሉ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእኒያ እናትና ለመምህራችን የምንከፍለው ዕዳ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሣ። ያለ ሽቦ የሚጓዝ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ እንዳለ በሒሳብ አስቀድሞ ያሳየው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የተባለ የስኮትላንድ ሊቅ ሲሆን፥ ጽሑፉ የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 ነው። ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 ሞገዱን በቤተ ሙከራ አስነሥቶ መኖሩን አረጋገጠ። ዛሬ የሞገድን ብዛት የምንለካው በዚሁ ሰው ስም ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1895፥ ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ በሞገዱ መልእክት ማስተላለፍ ጀመረ።

ብዙ ሰው የራዲዮ ጥቅም ድምፅ ማሰማት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ራዲዮ የሰውን ንግግር ማሰማት ሳይጀምር አስቀድሞ ዕቃ ያዝ ነበር። ኒኮላ ቴስላ የተባለው የኤሌክትሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ትልቅ የውኃ ገንዳ አዘጋጅቶ፥ በላዩ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ እያዘዘ አሳየ። ጀልባይቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስትዞር፥ መብራቷንም ስታበራና ስታጠፋ የተመለከቱ ሰዎች፥ አንዳንዱ አስማት ነው ሲል፥ አንዳንዱም በውስጧ የሠለጠነ ዝንጀሮ ተደብቋል እስከ ማለት ደርሶ ነበር ይባላል። ቴስላ የዚህን ሥራ የፈጠራ መብት በቁጥር 613,809 ተመዝግቦ ያገኘው በዚያው ዓመት በኖቬምበር 8 ቀን ነው። ከእርሱም ቀጥሎ ሌዮናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ የተባለ የስፔን መሐንዲስ «ቴሌኪኖ» ብሎ የሰየመውን ማዘዣ እ.ኤ.አ. በ1903 አቀረበ፤ በ1906ም በቢልባኦ ወደብ በንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ፊት ጀልባ አዘዘበት። ዛሬ በእጃችን የያዝነው መጫወቻ የእነዚህ ሁለት ጀልባዎች የልጅ ልጅ ነው ማለት ነው።

በዚያን ዘመን ግን አንድ ትልቅ ችግር ነበረ። የመጀመሪያዎቹ ላኪዎች የኤሌክትሪክ ብልጭታ እያስነሡ የሚሠሩ ስለ ነበሩ፥ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር ይደባለቅ ነበር። ነገሩ መቶ ሰዎች በገበያ መካከል በአንድ ጊዜ እንደሚጮኹ ያህል ነው። መፍትሔው ላኪውንና ተቀባዩን በአንድ ሞገድ ላይ መቃኘት ሆነ። ማርኮኒም በ1900 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ቁጥር 7777 የሆነውን ስመ ጥር የቅኝት የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ ወዲህ የተቃኘ መሣሪያ በሌላ ሰው ሊነካ አይችልም እያለ በጽኑ ይናገር ነበር።

ይህ ቃል ሊፈተን ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በጁን ወር 1903 እ.ኤ.አ. የማርኮኒ ረዳት የሆነው ፕሮፌሰር ፍሌሚንግ በለንደን ከተማ በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ በሕዝብ ፊት ትምህርት ይሰጥ ነበር። ማርኮኒ ከሩቅ፥ ከኮርንዎል ጠረፍ፥ የሚልከውን መልእክት ሁሉም ይጠባበቃል። በዚህ መካከል መሣሪያው «አይጦች፥ አይጦች» የሚል ቃልና የማፌዣ ግጥም ይቀበል ጀመር። ይህን የላከው ኔቪል ማስክሊን የተባለ፥ በምትሃት ትርኢት የሚታወቅ ሰው ነበረ። የእርሱ ላኪ ቅርብ ስለ ነበረና ተቀባዩም ስለ ሰማው፥ መሣሪያው ጌታውን ከእንግዳው ለይቶ ማወቅ አልቻለም።

ይህን ታሪክ ባነበብን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። በለንደን አዳራሽ የሆነውና በእኛ ሜዳ ላይ የሆነው ነገር አንድ ነውና። መኪናችን አላበደም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቋንቋ ሲያዙት የትኛውን መታዘዝ እንዳለበት አላወቀም እንጂ።

ሞገድን በአንድ ቦታ አጽንቶ የመያዝ ጥበብ የተገኘው ከአንድ ድንጋይ ነው። ፒየርና ዣክ ኪዩሪ የተባሉ የፈረንሳይ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ኳርትዝ የተባለው ብርጭቆ መሳይ ድንጋይ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ደረሱበት። በተገላቢጦሹም ኤሌክትሪክ ሲሰጡት በራሱ መጠን ይንቀጠቀጣል። ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ኳርትዝ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ስለሚንቀጠቀጥ፥ በፈረንጆች 1920ዎቹ ዓመታት የራዲዮ ላኪዎች ማጽኛ ሆነ። ሠራተኞች «ክሪስታል» የሚሉት ይኸው ነው። በእኛ ላኪ ውስጥ ያለው ክሪስታል ከጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፥ በአንድ ሴኮንድ 27,095,000 ጊዜ ለሚወዛወዘው ሞገድ መሠረቱ እርሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የራዲዮ ስርጭት የተጀመረው በአዲስ አበባ አጠገብ በአቃቂ ጣቢያ በ1928 ዓ.ም. መባቻ ገደማ ነው። ፋሽስት ጣሊያን አገራችንን ሊወር በተቃረበበት በመስከረም ወር፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ሕዝብ አቤቱታቸውን ያሰሙት በራዲዮ ነበር። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት አዲስ አበባን ሲይዙ ጣቢያውን ለራሳቸው ወሬ ማሠራጫ አደረጉት፤ በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ ድምፅ በራዲዮ ተመልሶ ተሰማ። ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ በሆነችው በአሥመራም «ራዲዮ ማሪና» የሚባል የጣሊያን ባሕር ኃይል ጣቢያ ነበረ። ጣሊያኖች ከተሸነፉ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1943፥ ጥቂት የአሜሪካን ወታደሮች ያንን አሮጌ ጣቢያ ተረክበው ሥራ ጀመሩበት። በ1945 ዓ.ም. በኮሪያ በተዋጉት የቃኘው ሻለቆች ስም «ቃኘው ጣቢያ» ተባለ፤ አሜሪካኖችም እስከ 1969 ዓ.ም. ቆዩበት። ስለ መቃኘት በምንጽፍበት ገጽ ላይ «ቃኘው» የሚል ስም ማግኘታችን አስገርሞናል።

ሌላው የምንጠቅሰው የምሥራች ድምፅ ራዲዮ ነው። ይህ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር፥ በጌጃ የተተከሉት ሁለት ላኪዎቹ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ነበራቸው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ጣቢያውን ወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አሰኘው። ስሙ ተለወጠ፥ የሚነገረውም ነገር ተለወጠ፤ ማሠራጫዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የራዲዮ ላኪ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ለጌታው ሃይማኖትም ሆነ ፖለቲካ አይጨነቅም። በእጁ ያለ ሰው ያዝበታል፤ መጠበቁንና መቃኘቱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ግን ለማንም አይሆንም።

ወደ ትንንሾቹ መኪናዎች ስንመለስ፥ በራዲዮ የሚታዘዝ መኪና ለገበያ የቀረበው በፈረንጆች 1960ዎቹ ዓመታት ነው። ኤልጂ የተባለ የጣሊያን ፋብሪካ በ1966 ከቀደሙት አንዱ ሲሆን፥ በ1976 ታሚያ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በፖርሽ መኪና አምሳል የሠራው ነገሩን በዓለም ሁሉ አስፋፋው። የእነዚህ መኪናዎች ሞገድ ብዙውን ጊዜ በ27 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ሆኖ፥ ለስድስት ተከፍሎ በቀለም ተለይቶ ነበር። 26.995 ቡናማ፥ 27.045 ቀይ፥ 27.095 ብርቱካን፥ 27.145 ቢጫ፥ 27.195 አረንጓዴ፥ 27.255 ሰማያዊ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አብረው ሲጫወቱ ቀለማቸው የተለያየ መሆን ነበረበት። ከ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ ግን በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠሩና እያንዳንዱ ላኪ ለራሱ ተቀባይ በምሥጢር ቁጥር የሚተዋወቅባቸው አዳዲስ መሣሪያዎች ተስፋፉ። በዚህ ምክንያት የቀድሞዎቹ በየአገሩ ሥራ ፈቱ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ እንደ እኛ ላለው ትምህርት ቤት ደረሱ።

የእኛን ላኪዎች በከፈትን ጊዜ ጥፋቱ ወዲያው ተገለጠልን። በአንደኛው ጀርባ ላይ የተለጠፈው ምልክት ብርቱካን፥ በሁለተኛው ላይ ያለው ቢጫ ነበር። ሆኖም በሁለቱም ውስጥ የተሰካው ክሪስታል ብርቱካኑ ሆኖ ተገኘ። ከእኛ በፊት የነበረ ባለቤት ክሪስታሉን ለውጦ ምልክቱን ሳይለውጥ ትቶታል። ይህን ያሳዩን የከተማችን ራዲዮ ሠሪ፥ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሰው፥ ሥቀው «ማሽን አይዋሽም ልጆቼ፤ የሚዋሸው በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ነው» አሉን። እኛም ለቀድሞው ተማሪ ጽፈን የቢጫውን ክሪስታል ከነጥንዱ አስላክን። ጥንድ ያልንበት ምክንያት የላኪውና የተቀባዩ ክሪስታል አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። በእኛ መኪናዎች የተቀባዩ ከላኪው በ0.455 ሜጋ ኸርዝ ያንሳል። ሁለቱን አቀያይሮ የሰካ ሰው መኪናው ቢሞትበት አይደነቅ።

ጋሼ ካስተማሩን ውስጥ ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም ይጠቅማል ያልነውን ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

አንደኛ፥ የባትሪ ቤቱ ይታያል። ድንጋዩ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ያፈስስና በመገናኛው ብረት ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይሠራል። ድንጋዩ ወጥቶ፥ በአቼቶ በራሰ ጥጥ ቀስ ብሎ ይጠረጋል፤ ከዚያም በአልኮል ተወልውሎ እስኪደርቅ ድረስ ይቆያል። 8 ድንጋይ የሚይዝ ላኪ 12 ቮልት ማግኘት አለበት፤ ይህም በቴስተር ይለካል። የእኛ መኪና ከመጽዳቱ በፊት ከ20 እርምጃ በላይ ትእዛዝ አይሰማም ነበር፤ ከጸዳ በኋላ ግን የሜዳውን ዳር እስከ ዳር ሰማ።

ሁለተኛ፥ አንቴናው ይመረመራል። በ27 ሜጋ ኸርዝ የሚሄድ ሞገድ አንዱ እጥፋት 11 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ስለዚህ በመኪናው ላይ የሚንጠለጠለው ሽቦ ለጌጥ የተተወ አይደለምና፥ ረዘመ ተብሎ አይቆረጥም። በላኪው ውስጥ በሰም የታተሙ ትንንሽ ጥቅልሎች ካሉም፥ መለኪያ የሌለው ሰው በካቻቢቴ ሊያዞራቸው አይገባም። እነርሱ በፋብሪካ የተቃኙ ናቸው።

ሦስተኛ፥ የጣት ማዘዣዎቹ ይጸዳሉ። በሥራቸው ያለው ክፍል እንደ አሮጌ ራዲዮ የድምፅ ማዞሪያ ያለ ነው። አቧራ ሲገባበት ራዲዮው እንደሚንኮሻኮሸው ሁሉ፥ የመኪናው ጎማም ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል።

አራተኛ፥ ቅኝቱ ይደረጋል። መኪናው ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ በጣውላ ቁራጭ ላይ ይቀመጣል። ላኪው በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል አጫጭር ምት ይልካል። የምቱ ርዝመት ከሴኮንድ አንድ ሺሕ አምስት መቶ ማይክሮ ሴኮንድ ሲሆን መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ መካከል ላይ ይቆማል፤ ወደ 1,000 ሲያጥር ወደ አንድ ወገን፥ ወደ 2,000 ሲረዝም ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ የላኪው ማስተካከያ በመካከል ይደረጋል። ቀጥሎ የሰርቮው ክንድ ተነቅሎ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ እንደገና ይሰካል። የቀረችውን ጥቂት ስሕተት ብቻ ማስተካከያው ያርማታል። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ሰርቮው የሚያቃስት ከሆነ አልፎ እየገፋ ነውና ይቀነስለት፤ አለዚያ ይቃጠላል። ጣት ከነዳጁ ማዘዣ ሲነሣ ሞተሩ ፈጽሞ መቆም አለበት። ይህ ሳይሆን መኪናው ወደ መሬት አይወርድም።

አምስተኛ፥ የአከፋፈትና የአዘጋግ ሥርዓት ይጠበቃል። ሲከፈት መጀመሪያ ላኪው፥ ቀጥሎ መኪናው፤ ሲዘጋ ግን መጀመሪያ መኪናው፥ በመጨረሻም ላኪው። ይህን የሚያፈርስ ሰው መኪናውን ያለ ጌታ ይለቀዋል። ሌላ ላኪ ከመከፈቱ በፊትም ቀለሙን ጮኾ መናገርና የሌሎችን መልስ መስማት የክበባችን ሕግ ሆኗል።

ወላጆቻችን ይህን ስናነብላቸው አዲስ ነገር አልሆነባቸውም። ሁሩታና አካባቢዋ፥ የሎዴ ሄጦሳ ምድር፥ የስንዴ አገር ነው። ካዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ከተቋቋመ ወዲህ፥ አርሲ ብዙ የእርሻ መሣሪያ አይታለች። ትራክተር ወይም ኮምባይነር በመከር ጊዜ በአንዲት ብሎን ምክንያት ቢቆም ስንዴው በማሳው ላይ እንደሚረግፍ አባቶቻችን ያውቃሉ። መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የዘወትር ነው።

ደግሞም ይህ ጥበብ በመጫወቻ ላይ አይቀርም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሰማይ የተተኮሰችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ትእዛዝ ትቀበል የነበረው ከእንጦጦ ተራራ ጣቢያ ነበር። ርቀቱና ዋጋው እጅግ ይለያይ እንጂ፥ ሕጉ ከእኛ መኪና ሕግ የተለየ አይደለም፤ የሚልክና የሚቀበል በአንድ ቅኝት መስማማት አለባቸው። ከእኛ መካከል ይህን ትምህርት በቅርባችን ባለው በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠል ተስፋ የሚያደርጉ አሉ።

በመጨረሻ ለእኒያ እናት መልሳችንን እንስጥ። እማማ፥ መኪናውን የለቀቅነው የምናዝዘው መስሎን ነው፤ ቁልፍ መጫንን እንደ ማዘዝ ቆጥረነው ነበር። አሁን ግን ማዘዝ የሚቻለው አስቀድሞ ያጸዳ፥ የለካና የቃኘ ሰው መሆኑን ተምረናል። በዚህ የበዓል ቀን ሁለቱ መኪናዎች በብርቱካንና በቢጫ ተለይተው እንደገና ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ተመልካቹ ከገመድ ወዲያ ይቆማል። ልጅዎም ፈቃድዎ ስለ ሆነ፥ ከእኛ ጋር ቆማ የመጀመሪያውን ላኪ ትይዛለች።

ከእኛ አብዛኞቹ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንለያያለን። ለሚተኩን ታናናሾቻችን የምናስረክበው ዋናው ነገር መኪናዎቹ አይደሉም፤ አንድ ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ የየላኪው ቀለም፥ የድንጋዩ ቮልት፥ የተጸዳበት ቀንና የቃኘው ተማሪ ስም ተጽፎ ይገኛል። በዕቃ ቤታችን ውስጥ በአቧራ ተሸፍነው ያሉት ብዙ መሣሪያዎች እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖራቸው ኖሮ፥ ምናልባት ግማሾቹ ዛሬም በሠሩ ነበር። እንግዲህ ታናናሾቻችን ሆይ፥ ደብተሩን አትዝጉት። ባዶውን ገጽ ትተንላችኋል።